ግብይት፣ ማስታወቂያና ፕሮፓጋንዳ፦ የሕዝብ አስተያየት አቀራረጽና የጤና ባለሙያው ድርሻ

በአንድ ጤና ጣቢያ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ግድግዳ ላይ ስለ ክትባት የሚያስተምር ፖስተር ተለጥፏል። በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ የአንድ መድኃኒት ስም የታተመበት እስክሪብቶና የቀን መቁጠሪያ ይታያል። በመጠበቂያው ክፍል የተከፈተው ሬዲዮ የአንድ ፋብሪካን የሕፃናት ምግብ ያወድሳል። ወረፋዋን የምትጠብቀው እናት ደግሞ ክትባቱ ልጃገረዶችን መካን ለማድረግ ታስቦ የመጣ ነው የሚል ወሬ ከጎረቤት ሰምታ፣ ጥርጣሬዋን በልቧ ይዛ ተቀምጣለች።

አራቱም መልእክቶች የሚሹት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የሰውን አስተያየት ለውጠው ወደ አንድ ድርጊት መምራት ነው። ይሁን እንጂ አራቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደሚፈልጉና ምን እንደሚደብቁ ለይቶ ማወቅ ለጤና ባለሙያው ትርፍ እውቀት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ያለፈው መቶ ዓመት ታሪክ እንደሚያሳየው፣ የሕዝብን አስተያየት ለመቅረጽ የተነሡ ነጋዴዎችም ሆኑ መንግሥታት ደጋግመው የተዋሱት ነጭ ጋዋን የለበሰን ሰው አንደበት ነው። በመሆኑም ልዩነቱን ማወቅ የሙያው ግዴታ አካል ነው ማለት ይቻላል።

ቃላቱና የሚያስከትሉት መደናገር

በአማርኛ ልዩነቱ ቶሎ አይታይም። «ማስታወቂያ» አስታወቀ ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ ብዙ ነገር ይሸከማል። የቀብር ሰዓት የሚነገርበት ወረቀት፣ ክፍት የሥራ ቦታ የሚገለጽበት ሰሌዳና የቢራ ፋብሪካ በገንዘቡ የሚያስነግረው ውዳሴ ሁሉም ማስታወቂያ ይባላሉ። የመንግሥትን ዜናና መግለጫ ለብዙ ዓመታት ያሠራጭ የነበረው መሥሪያ ቤትም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ይባል ነበር። «ቅስቀሳ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ለምርጫ ውድድርም፣ ለፖሊዮ ክትባት ዘመቻም ያገለግላል። ቃሉ አንድ በሆነ ጊዜ አድማጩ ነገሩም አንድ ይመስለዋል።

«ፕሮፓጋንዳ» የላቲን ቃል ነው። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1622 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 15ኛ እምነትን የማስፋፋት ሥራ የሚመራ ጉባኤ ባቋቋሙ ጊዜ የተሰጠው ስያሜ ነው። ቃሉ ማስፋፋት፣ ማባዛት ማለት ሲሆን ለብዙ ዘመን ክፉ ትርጉም አልነበረውም። ስሙ የጠፋው ተዋጊ መንግሥታት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሕዝባቸውን ለማነሣሣትና ጠላታቸውን ለማጠልሸት ከተጠቀሙበት በኋላ ነው። ኤድዋርድ በርኔይስ የተባለው አሜሪካዊ በ1928 «ፕሮፓጋንዳ» የሚል ርዕስ ያለው መጽሐፍ አሳትሟል። ነገር ግን ቃሉ በጦርነቱ ስለተበላሸ ለሙያው «የሕዝብ ግንኙነት» የሚለውን መጠሪያ መርጧል። ስሙ ቢለወጥም ዘዴው አልተለወጠም። በርኔይስ ለአንድ የሥጋ ምርቶች ኩባንያ በሠራበት ጊዜ «አሳማ ብሉ» ብሎ አላስነገረም፤ ጠንከር ያለ ቁርስ ለጤና ይበጃል የሚል የሐኪሞች አስተያየት አሰባስቦ በጋዜጦች እንዲወጣ አደረገ እንጂ። ሕዝቡ የሰማው የነጋዴውን ድምፅ ሳይሆን የሐኪሙን ድምፅ ነው።

ግብይት፦ ሰፊው ማዕቀፍ

ግብይት ወይም ማርኬቲንግ ከሦስቱ በስፋቱ የመጀመሪያው ነው። ጀሮም ማካርቲ የተባለ የዘርፉ ምሁር በ1960 ባቀረበው አከፋፈል መሠረት ግብይት በአራት ምሰሶዎች ላይ ይቆማል፤ እነርሱም ምርቱ፣ ዋጋው፣ የሚገኝበት ቦታና የሚተዋወቅበት መንገድ ናቸው። ማስታወቂያ ከአራተኛው ምሰሶ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ኩባንያ አንዲት ቃል በሬዲዮ ሳያስነግር፣ የዕቃውን ማሸጊያ፣ ዋጋና መሸጫ ቦታ በማስተካከል ብቻ የሕዝብን ልማድ ሊለውጥ ይችላል።

ፊሊፕ ኮትለርና ጄራልድ ዛልትማን በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ይህንኑ ጥበብ ለሕዝብ ጥቅም ማዋል እንደሚቻል በማሳየት «ማኅበራዊ ግብይት» የሚለውን ሐሳብ አስተዋወቁ። በኢትዮጵያ ዲኬቲ ያሠራጨው ሕይወት ትረስት ኮንዶም ለዚህ የቅርብ ምሳሌ ነው። ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት ዘመን ዋናው ችግር ሰዎች ስለ ኮንዶም አለመስማታቸው ብቻ አልነበረም። ከፋርማሲ ገብቶ መጠየቅ ያሳፍር ነበር፤ ዋጋውም ለብዙዎች ይከብድ ነበር። ኮንዶሙ በድጎማ ዋጋው ቀንሶ ከክብሪትና ከሲጋራ ጎን በየመንደሩ ሱቅ ሲደረደር ግን፣ ዋጋውና ቦታው ራሳቸው መልእክት ሆኑ።

ያው ጥበብ ሕይወት ሊያጠፋም ይችላል። ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የዱቄት ወተት አምራቾች ወደ ታዳጊ አገሮች ሲስፋፉ፣ ከማስታወቂያ ይልቅ ያተኮሩት በማዋለጃ ክፍሎች ላይ ነበር። የነርስ ዩኒፎርም የሚመስል ልብስ የለበሱ የኩባንያ ሠራተኞች እናቶችን ያነጋግሩ ነበር። የነፃ ናሙና ቆርቆሮም ለአራስ እናት ይሰጥ ነበር። የናሙናው አሠራር በፊዚዮሎጂ የተመሠረተ ነው ማለት ይቻላል። ሕፃኑ ለጥቂት ቀናት በጡጦ ሲመገብ ጡት መጥባቱን ይቀንሳል፤ ጡት ካልተጠባ ደግሞ ወተቱ ይቀንሳል። ናሙናው ባለቀ ጊዜ እናቲቱ ለመግዛት ትገደዳለች። ዋጋው ከአቅሟ በላይ ሲሆንባት ዱቄቱን በብዙ ውሃ ታቀጥናለች፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥና የምግብ እጥረት ይከተላሉ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንዲሉ፣ ጉዳቱ የጀመረው በስጦታ መልክ ነው።

ሐኪሟ ሲስሊ ዊልያምስ ይህን አደጋ በ1939 በሲንጋፖር ባደረጉት ንግግር አውግዘውት ነበር። የዓለም የጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ደንብ ያጸደቀው ግን ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በሜይ 1981፣ በ118 ድጋፍና በአንዲት አገር፣ በዩናይትድ ስቴትስ፣ ተቃውሞ ነው። ደንቡ ምርቶቹን ለሕዝብ ማስተዋወቅን፣ ለእናቶች ነፃ ናሙና መስጠትንና የኩባንያ ሠራተኞች እናቶችን በቀጥታ ማግባባትን ይከለክላል። ርዕሱ «ማስታወቂያ» ሳይሆን «ግብይት» የሚል መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ማስታወቂያው ብቻ ቢከለከል ኖሮ፣ በማዋለጃው ክፍል ያለው ናሙና ሳይነካ ይቀር ነበርና።

ማስታወቂያ፦ የተገለጠው ማግባባት

ማስታወቂያ በጠባቡ ሲተረጎም፣ የሚታወቅ ባለቤት ገንዘብ ከፍሎ በመገናኛ ብዙኃን የሚያስተላልፈው የማግባባት መልእክት ነው። ሦስት ምልክቶች አሉት፤ ከፋዩ ይታወቃል፣ ዓላማው መሸጥ እንደሆነ ይታወቃል፣ አድማጩም እምቢ ለማለት ነፃ ነው። ተፎካካሪውም በማግሥቱ የራሱን ማስታወቂያ ያስነግራል። ማጋነን በማስታወቂያ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አድማጩ የሚሰማው የሻጭን ቃል መሆኑን ስለሚያውቅ ጆሮውን በጥንቃቄ ያውሳል።

ማስታወቂያ አደገኛ የሚሆነው ይህ ግልጽነት ሲጎድለው ነው። በ1946 የካሜል ሲጋራ አምራች ሐኪሞች ከሌላ ሲጋራ ይልቅ ካሜልን ያጨሳሉ የሚል ሰፊ ማስታወቂያ ጀመረ፤ ለዚህም ከ113,000 በላይ ሐኪሞችን አስጠይቄአለሁ ይል ነበር። በሥዕሎቹ ላይ ነጭ ካፖርት ለብሰው የሚታዩት ግን ሐኪሞች ሳይሆኑ ሞዴሎች ነበሩ፤ የሲጋራ ስጦታም በሐኪሞች ስብሰባዎች ይታደል ነበር። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ራሱ እስከ 1953 ድረስ የሲጋራ ማስታወቂያ ያትም ነበር። የሙያው መጽሔት የማስታወቂያ ገንዘብ ሲቀበል፣ ሳይታሰብ የሙያውን ክብርም አብሮ ሸጧል።

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ትምባሆን ማስተዋወቅን ፈጽሞ ከልክሏል፤ የአልኮል መጠጦችን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅንም አግዷል። የዚህ ዓይነት ሕግ መነሻ ማስታወቂያ ሁሉ ውሸት ነው የሚል አይደለም። ሱስ የሚያስይዝ ምርት ሲሆን «እምቢ የማለት ነፃነት» የሚባለው መለያ ከመጀመሪያው የተጓደለ ስለሆነ ነው።

ፕሮፓጋንዳ፦ ጥያቄን የሚዘጋ መልእክት

ፕሮፓጋንዳ ከሁለቱ የሚለየው በውሸትነቱ ብቻ አይደለም፤ እውነትንም ሊጠቀም ይችላል። ዋናው መለያው ለሕዝቡ አንድ መልስ ብቻ ትቶ ሌላውን በር መዝጋቱ ነው። የሚሸጠው ዕቃ ሳይሆን እምነት፣ ታማኝነት ወይም ጥላቻ ነው። ምንጩን ይደብቃል፤ ካልደበቀም ተቃራኒውን ድምፅ ያፍናል።

የናዚ ጀርመን መንግሥት በማርች 1933 ያቋቋመው መሥሪያ ቤት «የሕዝብ ማብራሪያና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር» ይባል ነበር። ለሕክምና ባለሙያ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው በዚያ ዘመን የታተመ አንድ ፖስተር ነው። በፖስተሩ ላይ አንድ አካል ጉዳተኛና ከኋላው የቆመ፣ ነጭ ልብስ የለበሰ አስታማሚ ይታያሉ። ጽሑፉም ይህ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለበት ሰው በዕድሜው ዘመን ለሕዝቡ 60,000 ራይኽስማርክ እንደሚያስወጣ ይገልጻል። ፖስተሩ «ግደሉ» አይልም፤ የሚያቀርበው አኃዝ ነው። ነገር ግን ሰውን በወጪ ብቻ እንዲታይ አድርጎ ካቀረበው በኋላ፣ ተመልካቹ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅበት ቦታ አይተውም። በ1933 በወጣው የማምከን ሕግ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው እንዲመክኑ ተደርገዋል። ከዚያም በተከተለው የግድያ ዘመቻ እስከ ኦገስት 1941 ብቻ ከ70,000 በላይ ሕሙማን ተገድለዋል። ቅጹን የሞሉት፣ ፍርዱን የሰጡትና ጋዙን የከፈቱት ሐኪሞች ነበሩ። ፕሮፓጋንዳው መጀመሪያ ያሳመነው የጤና ባለሙያውን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለአፍሪካ ቀረብ ይላል። በጁላይ 1983 በኒው ዴልሂ ይታተም በነበረ «ፓትሪዮት» በተባለ ጋዜጣ ላይ፣ ስሙ ያልተገለጸ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ጻፈው የተባለ ደብዳቤ ወጣ። ደብዳቤው የኤድስ ተሕዋስ በአሜሪካ ጦር ቤተ ሙከራ የተሠራ ነው ይል ነበር። ወሬውን ያሠራጩት የሶቪየት የስለላ ድርጅቶች ነበሩ። በ1985 በሶቪየት ጋዜጣ ተደገመ፤ ከዚያም ያዕቆብ ዘጋል የተባሉ የምሥራቅ ጀርመን ባዮፊዚክስ ምሁር የሳይንስ መልክ ሰጡት፤ በብዙ አገሮች ጋዜጦችም ተባዛ። የሩሲያ የውጭ ስለላ ኃላፊ የሶቪየት ድርጅቶች እጅ እንደነበረበት በ1992 አምነዋል። ወሬው ግን ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አግኝቶ ዛሬም ይሰማል።

ወሬው ለምን ተያዘ? ከእውነተኛ ቁስል ላይ ስለተተከለ ነው። በአላባማ፣ ተስኪጊ፣ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት የጤና አገልግሎት በጥቁር ወንዶች ላይ የቂጥኝን አካሄድ ሲያጠና፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ ሕክምና ነፍጓቸዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው የኤድሱን ወሬ ቢያምን ሞኝ አይባልም። ፕሮፓጋንዳ ከባዶ አይበቅልም፤ የጤና ተቋማት ራሳቸው ባጎደሉት እምነት ላይ ይዘራል።

ድንበሩ የሚጠፋበት ቦታ

ሦስቱ በትርጉም ቢለያዩም በተግባር አንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። መሻገሪያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ተናጋሪው ማንነቱን የሚሰውርበት ነጥብ ነው።

በ1950 ሲጋራ የሳንባ ነቀርሳን እንደሚያስከትል የሚያመለክቱ ጥናቶች በእንግሊዝና በአሜሪካ ታተሙ። አምራቾቹ በጃንዋሪ 1954 ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ ባወጡት መግለጫ ለሕዝብ ጤና እንደሚጨነቁ ገለጹ፤ የምርምር ኮሚቴ ማቋቋማቸውንም አስታወቁ። በስም የምርምር ተቋም የሆነው ኮሚቴ በተግባር ያመረተው ጥርጣሬን ነበር። «ገና አልተረጋገጠም» የሚለው ቃል ሲጋራ አይሸጥም፤ አጫሹ ግን ለማቆም የያዘውን ውሳኔ ያዘገያል። በ2006 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹ ለአሥርተ ዓመታት ሕዝቡን እንዳታለሉ ፈርዷል። ሲጋራን ማወደስ ማስታወቂያ ነበር፤ በሳይንስ ስም እውቀትን ማደብዘዝ ግን ፕሮፓጋንዳ ነው።

የኦፒዮይድ መድኃኒቶች ታሪክም ከዚህ አይለይም። በጃንዋሪ 1980 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አንዲት አጭር ደብዳቤ ወጣች። ደብዳቤዋ በሆስፒታል ተኝተው ናርኮቲክ ከወሰዱ 11,882 ሕሙማን መካከል፣ ቀድሞ የሱስ ታሪክ ሳይኖራቸው በግልጽ ለሱስ የተዳረጉት 4 ብቻ እንደሆኑ ትገልጽ ነበር። ቤቱ ሆኖ ለወራት ስለሚወስድ ሰው የምትለው ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ በ2017 በዚያው መጽሔት የወጣ ምርመራ እንዳሳየው፣ ደብዳቤዋ 608 ጊዜ ተጠቅሳለች፤ ከጠቃሾቹ ከመቶ ሰማንያ የሚሆኑት ሕሙማኑ በሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አልገለጹም። ኦክሲኮንቲን በ1996 ለገበያ ሲቀርብ አምራቹ ከ40 በላይ የሕመም ሕክምና ጉባኤዎችን አዘጋጅቶ ከ5,000 የሚበልጡ ሐኪሞችን፣ ፋርማሲስቶችንና ነርሶችን አሠለጠነ። በ1996 48 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ሽያጭ በ2000 ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። ኩባንያው በ2007 መድኃኒቱ ለሱስ ያለውን አደጋ አሳንሶ ማቅረቡን በፍርድ ቤት አምኗል። በዚህ ሁሉ ሂደት ሕሙማኑ የሰሙት የኩባንያውን ወኪል አይደለም፤ የሚያምኑትን ሐኪም ነው። ሐኪሙም አብዛኛውን ጊዜ ያታለለ ሳይሆን ምንጩን ሳያይ የተቀበለ ነበር።

የጤና ትምህርትስ ከየትኛው ወገን ነው?

የጤና ባለሙያውም የሕዝብን አስተያየት ለመለወጥ ይሠራል። በጎ ዓላማ ያለው መሆኑ ብቻ ከፕሮፓጋንዳ አያድነውም። በ1987 በአውስትራሊያ ስለ ኤድስ የቀረበ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ማጭድ የያዘ ሞት ሴቶችንና ሕፃናትን እንደ ቦውሊንግ ጨዋታ ግንዶች በኳስ ሲጥል ያሳይ ነበር። መልእክቱ ብዙ ሰው አስደንግጦ ብዙ ሰው ወደ ምርመራ ልኳል። በዚያው ልክ ግን አንዳንዶች የሞቱን ምስል ከበሽታው ሳይሆን ከሕሙማኑ ጋር አያይዘውታል። ፍርሃት ፈጣን መልእክተኛ ነው፤ የት እንደሚያርፍ ግን ላኪው አይወስንም።

አኃዝም ያታልላል። አንድ መድኃኒት አደጋን ከ100 ሰዎች ከ2 ወደ 1 ቢቀንስ፣ «በግማሽ ይቀንሳል» ማለትም «ከ100 ሰዎች አንዱን ይጠቅማል» ማለትም እውነት ነው። ሻጩ የመጀመሪያውን ይመርጣል። የጤና ባለሙያው ሁለቱንም የመናገር ዕዳ አለበት። የጎንዮሽ ጉዳትን መደበቅ ለጊዜው ተቀባይነትን ያበዛል፤ ጉዳቱ አንድ ቀን በጎረቤት ልጅ ላይ ሲታይ ግን ያልተነገረው ነገር የተነገረውን ሁሉ ያፈርሳል።

ስለዚህ ማንኛውም መልእክት ከጤና ባለሙያው አንደበት ከመውጣቱ በፊት በአራት ጥያቄዎች ቢፈተን መልካም ነው። አንደኛ፣ በእውነት የሚናገረው ማን ነው፤ ወጪውንስ የሸፈነው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ሰሚው ቢቀበል የሚጠቀመው ማን ነው፤ ሰሚው ራሱ ነው ወይስ ሌላ? ሦስተኛ፣ ምን ተትቷል? የትኞቹ ሕሙማን፣ የትኛው ጉዳት፣ የትኛው አማራጭ? አራተኛ፣ ሰሚው ቢጠይቅ ወይም እምቢ ቢል ምን ይደርስበታል? መልእክቱ ለአራቱም ግልጽ መልስ ካለው ትምህርት ወይም ቅን ማግባባት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካጣ የተደበቀ ግብይት ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው መልስ ካጣ ግን፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን፣ ፕሮፓጋንዳ ነው።

ይህ ፈተና በጠረጴዛው ላይ ካለው እስክሪብቶ ይጀምራል። ዋጋው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሕመምተኛው የመድኃኒቱን ስም ያነበበው በሐኪሙ እጅ ላይ ነው። የኩባንያ ወኪል የሚያመጣውን መረጃ መስማት ነውር አይደለም፤ ከኩባንያው ነፃ በሆነ ምንጭ ሳያመሳክሩ ለሕመምተኛ ማስተላለፍ ግን አንደበትን ማከራየት ነው።

ወረፋ የያዘችው እናትም መልስ ትጠብቃለች። ወሬውን «የመሃይም ወሬ» ብሎ መናቅ በሩን ይዘጋል፤ በር መዝጋት ደግሞ የፕሮፓጋንዳ ሥራ ነው። ክትባቱ ምን እንደሚከላከል፣ በመርፌው ቦታ እብጠትና ትኩሳት ሊያስከትል እንደሚችል፣ መካንነትን ግን እንደማያመጣ፣ ማን እንደሚሠራውና ማን እንደሚቆጣጠረው በእርጋታ ሊነገራትና የቀራትን ጥያቄ እንድትጠይቅ ጊዜ ሊሰጣት ይገባል። ያን ቀን ሳትስማማ ብትሄድ እንኳ ተመልሳ የምትመጣበት በር ክፍት ይቆያል። ነጋዴውም መንግሥታቱም መቶ ዓመት ሙሉ ሊዋሱት የደከሙለት ሀብት ይኸው የእናቲቱ አመኔታ ነው። ባለቤቱ እርሷ ስትሆን፣ ለጤና ባለሙያው የተሰጠው በአደራ ነው።